የየብስ የውሃ ሚዛን ስሌት፦ ከዝናቡ 95 ከመቶው ፍሳሽ ሆኖ ይወጣል፣ ምን ነክቶት ነው?

ግሪድ_ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የዓለምን የብስ ወርሃዊ የውሃ ሚዛን በግማሽ ዲግሪ ሴል (ካርታው በተከፋፈለበት ትንሽ አራት ማዕዘን) እያሰላሁ ነው፤ አንታርክቲካ የለችበትም። ዝናቡ፣ አማካይ ሙቀቱና በፔንማን-ሞንቲት ቀመር የተሰላው እምቅ ትነት (ውሃ ባያጥር ሊተን የሚችለው መጠን) ሁሉም ከሲአርዩ ቲኤስ፣ ከጣቢያ ልኬቶች ከተሠራው የዓለም የአየር ንብረት መረጃ፣ የተወሰዱ ናቸው፤ ዘመኑ ከ1991 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ነው። ሞዴሉ የቶርንትዌይት ዓይነት ቀላል የአፈር ባልዲ (አፈሩን ሞልቶ ሲተርፈው እንደሚፈስስ ባልዲ የሚቆጥር ስሌት) ሲሆን አቅሙን በሁሉም ሴል 150 ሚሊ ሜትር አድርጌዋለሁ። ችግሩ ከዝናቡ 95 ከመቶ ገደማው ፍሳሽ፣ ማለትም ወደ ወንዝ የሚሄድ ውሃ፣ ይሆናል። በደረቁ ሰሃል (ከሰሃራ በረሃ በስተደቡብ) ላይ እንኳ አፈሩ አይደርቅም። ቀመሩን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፣ ትክክል ነው። የት ልፈልግ? ሲስተካከልስ ትክክል መሆኑን በምን ላረጋግጥ?

ዝናብ_መለኪያ፦
ቀመሩን ተወውና የፋይሎቹን አሃድ እይ። በሲአርዩ ቲኤስ ዝናቡ በሚሊ ሜትር በወር ነው፤ እምቅ ትነቱ ግን በሚሊ ሜትር በቀን። የአዲስ አበባን ሴል ብትከፍት ከ3 እስከ 5 የሚሆን ቁጥር ታገኛለህ፤ ያ የአንድ ቀን ነው። ሞዴልህ የወር አድርጎ ከወሰደው ትነቱ ሠላሳ ጊዜ ያንሳል፣ አፈሩም ሞልቶ ይቀራል። እያንዳንዱን ወር በራሱ ቀናት ብዛት አባዛው፤ በደፈናው በ30 አይደለም።

ወደ ሌላ መረጃ ብትዞርም ይኸው ነገር ይጠብቅሃል። በኢአርኤ5 (ልኬትንና ሞዴልን ያጣመረ የዓለም የአየር መረጃ) ወርሃዊ አማካይ ፋይሎች ዝናቡ በሜትር በቀን ነው፤ ከመሬት ወደ ላይ የሚወጣው ትነት ደግሞ አሉታዊ ምልክት አለው። ሳታይ ከቀነስከው ትነቱን ትደምረዋለህ። የአየር ንብረት ሞዴሎች ዝናብን በኪሎ ግራም በካሬ ሜትር በሰከንድ ነው የሚሰጡት፤ በ86,400 ስታባዛው ሚሊ ሜትር በቀን ይሆናል።

ከዚያ የሴሎቹ ስፋት። የግማሽ ዲግሪ ሴል ከምድር ወገብ አጠገብ 3,091 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ 60 ዲግሪ ላይ ግን 1,534 ብቻ። ተራ አማካይ ከወሰድክ ደረቁና ቀዝቃዛው ሰሜን ከድርሻው በላይ ይመዝናል። ስፋቱን የምድር ራዲየስ (6,371) በራሱ ተባዝቶ፣ በኬንትሮስ ልዩነቱ በራዲያን፣ ከዚያም በላይኛውና በታችኛው ኬክሮስ ሳይን ልዩነት አባዝተህ ታገኘዋለህ። ሚሊ ሜትሩን በካሬ ኪሎ ሜትር አባዝተህ ለአንድ ሚሊዮን ስታካፍል ኪሎ ሜትር ኩብ ይሆናል። የባሕር ዳርቻ ሴሎችን ሙሉ የብስ አድርገህ አትቁጠር፤ የየብስ ድርሻቸውን አባዛበት።

አፈርና_ውሃ፦
አሃዱ ሲስተካከል ባልዲው ራሱ መፈተሽ አለበት። ዝናቡ ከእምቅ ትነቱ በሚያንስበት ወር ጉድለቱን በሙሉ ከአፈሩ አትቀንስ፤ አፈሩ እየደረቀ ሲሄድ ውሃውን አጥብቆ ስለሚይዝ አቀናነሱ ኤክስፖነንሻል ነው፤ ውሃው ባነሰ ቁጥር የሚወጣውም እያነሰ ይሄዳል። ለምሳሌ አፈሩ 150 ይዟል፣ ዝናቡ 20፣ እምቅ ትነቱ 120 ነው እንበል። ጉድለቱ 100 ስለሆነ የሚቀረው 150 ሲባዛ በኤክስፖነንሻል (−100/150)፣ ማለትም 77 ነው። ከአፈሩ 73 ወጣ፤ እውነተኛው ትነት 20 ሲደመር 73፣ 93 ሆነ። ኮድህ 120 ከሰጠ ስህተቱ እዚህ ነው።

በቀዝቃዛ ሴሎች የሚወርደው በረዶ የሙቀቱ ወር እስኪመጣ በማከማቻ ይቆይ፤ አለዚያ የሳይቤሪያ ፍሳሽ በጥር ይመጣብሃል። መነሻውንም ባዶ ወይም ሙሉ አፈር ብለህ አትጀምር። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የታኅሣሥ መጨረሻ ክምችት መለዋወጡን እስኪያቆም ደጋግመህ አስኪድ፤ በረሃው ብዙ ዙር ይፈልጋል።

ዝናብ_መለኪያ፦
ለማረጋገጫው፣ የየብስ ዝናብ በዓመት ከ110 እስከ 120 ሺህ ኪሎ ሜትር ኩብ፣ ፍሳሹ ከ40 ሺህ በላይ እንደሆነ ይገመታል። ስለዚህ የፍሳሹ ድርሻ ከ35 እስከ 40 ከመቶ አካባቢ ቢወጣ አያስደንቅም። ግን ድምሩ ልክ ወጣ ማለት ሞዴሉ ልክ ነው ማለት አይደለም፤ ስህተት ከስህተት ጋር ይጣፋል። የታወቀ ተፋሰስ ውሰድ። የእኛ አባይ እስከ ሱዳን ድንበር ስፋቱ ወደ 176,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ዓመታዊ ፍሰቱ ወደ 49 ኪሎ ሜትር ኩብ። ሲካፈል 280 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

ለማነጻጸሪያ የማይሆኑም አሉ። በደቡብ ሱዳን ሱድ ረግረግ የሚተነው ውሃ በአብዛኛው ከላይኛው ተፋሰስ በወንዝ የመጣ ነው፤ የሴል ባልዲ ከጎን የሚገባ ውሃ አያይም። የግብፅ መስኖም እንዲሁ። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ ወደ ውቅያኖስ የሚገባውን ስትደምር እንዲህ ያሉትን ለይተህ አውጣ።

ግሪድ_ተማሪ፦
በጣም አመሰግናለሁ። አሁን የዓለም ድርሻው በተባለው ክልል ውስጥ ነው። አባይ ግን 450 ሚሊ ሜትር ሰጠኝ። ቀጥተኛ ፍሳሽ (አፈር ውስጥ ሳይገባ የሚፈስስ ዝናብ) 5 ከመቶ ጨምሬ ሞከርኩ፤ ንቅንቅ አላለም።

አፈርና_ውሃ፦
አይንቀሳቀስም። በክረምት ወራት ዝናቡ ከትነቱ ስለሚበልጥ 5 ከመቶውን በቀጥታ ብትለቀውም በትርፍነት ብትለቀውም ድምሩ ያው ነው። ቀጥተኛ ፍሳሽ ለውጥ የሚያመጣው ደረቅ ወራት ላይና ደረቅ አገር ነው፤ ወርሃዊ ሞዴል የአንድ ቀን ዶፍን ስለማያይ እዚያ ፍሳሹን ያሳንሳል።

የአባይን ነገር በእጅ አስላው። የክረምቱ ትርፍ 600 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ የበጋው ጉድለት 700 አካባቢ ከሆነ፣ የ150 ባልዲ በበጋ ሙጥጥ ብሎ ያልቅና በክረምት 149 ይሞላል፤ 451 ይፈስሳል። ቁጥርህ ከዚህ ነው የመጣው። አቅሙን 350 ብታደርገው በበጋው መጨረሻ 47 ይቀረዋል፣ መሙያው 303 ይሆናል፣ ፍሳሹም 297። በጋና ክረምት በተለየበት አገር የባልዲው አቅም በየዓመቱ ከፍሳሹ ላይ የሚቆረጥ ነው። ዓመቱን ሙሉ በሚዘንብበት ግን 150 ሆነ 350 ብዙም አይለይም፤ የዓለም ድምርህ ደህና ሆኖ አባይ የተበላሸው ለዚህ ነው። ለሁሉም ሴል አንድ ቁጥር ከመስጠት የሥር ጥልቀትንና የአፈር ዓይነትን የያዘ ካርታ ተጠቀም።

ዝናብ_መለኪያ፦
በአቅሙ እስማማለሁ፤ ዝናቡን ሳታይ ግን አቅሙን አትጠምዝዘው። ሲአርዩ በ450 ኪሎ ሜትር ውስጥ ጣቢያ ካላገኘ ሴሉን በ1961–1990 አማካይ ይሞላዋል። የጣቢያ ብዛቱ በፋይሉ ውስጥ አለ፤ ዜሮ በሆነበት ወር ያየኸው ለውጥ የዝናብ ለውጥ አይደለም። ለአባይ ቺርፕስን (ሳተላይትንና ጣቢያን ያጣመረ የዝናብ መረጃ) ጎን ለጎን አስኪድ፤ ከ1981 ጀምሮ አለ፣ ሁለተኛው ቅጂው ከ50 ዲግሪ ደቡብ እስከ 50 ሰሜን ብቻ ስለሚሸፍን ግን ለዓለም ድምር አይሆንም። በሰሜኑ ደግሞ ነፋስ በረዶውን ከመለኪያው አፍ ላይ ስለሚወስደው የተመዘገበው ያንሳል፤ ካልታረመ ወንዙ ከዝናቡ ሲበልጥ ታያለህ።

የክምችት ለውጥን የምድርን ስበት እየለካ የውሃ ክምችት ለውጥን ከሚያሳየው ከግሬስ ሳተላይት ጋር ማነጻጸር ይቻላል፤ ከ2002 ጀምሮ አለ፣ ከ2017 አጋማሽ እስከ 2018 አጋማሽ ክፍተት አለው። ያለ ሳተላይትም አንድ ወሰን አለህ። የባሕር ወለል 1 ሚሊ ሜትር ማለት 361 ኪሎ ሜትር ኩብ ነው፤ ያ ውሃ ከየብስ ከመጣ ከ3 ሚሊ ሜትር ያነሰ የየብስ ክምችት ነው። የሠላሳ ዓመት ሚዛንህ በዓመት 10 ሚሊ ሜትር ከጎደለ፣ ባሕሩ ከየብስ ውሃ ብቻ በዓመት ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከፍ ማለት ነበረበት፤ ያ ስላልሆነ ጉድለቱ ዝናቡ ወይም ትነቱ ውስጥ ነው።