ወንጌልን ጨርሰን ወደ ዳንኤልና ራእይ እንለፍ?

ጥያቄ
ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ። የ12 ሳምንት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ለሚያዘጋጅ ቡድን ምን ትመክራላችሁ? አብዛኞቹ አባላት የሚፈልጉት የመጨረሻውን ዘመን ትምህርት ነው፦ ዳንኤል 9፣ ማቴዎስ 24፣ ራእይ 20። «ወንጌልንማ ስንድን ሰምተነዋል» ይላሉ። ወንጌልን 12 ሳምንት ሙሉ ሳይደጋገም ማጥናት ይቻላል ወይ? ከተቻለስ ከየት ይጀመራል?

መልስ 1
ያንሰዋል እንጂ አይበዛበትም። ወንጌል ፊደል ቆጥረን የምናልፈው ክፍል አይደለም። ጳውሎስ በሮሜ 1፥15 ወንጌልን ልሰብክላችሁ እፈቅዳለሁ የሚለው ለማን ነው? እምነታቸው በዓለም ሁሉ ለተሰማላቸው ሰዎች ነው (ቁ. 8)። ጴጥሮስም መላእክት እንኳ ይህን ነገር ሊመለከቱ ይመኛሉ ይላል (1ኛ ጴጥ 1፥12)። እነርሱ ያልጠገቡትን እኛ በአንድ ስብከት ጨረስነው?

ከሮሜ 3፥21-26 ጀምሩ። ስድስት ቁጥር ብቻ ነው፤ አራት ሳምንት ይወስዳል። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ጊዜ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት፤ ከዚያ እያንዳንዱ ሰው በእጁ ይገልብጠው። በሁለተኛው «ይጸድቃሉ»፣ «ቤዛነት»፣ «ማስተስሪያ» የሚሉትን ቃላት ለዩ። አንዱ የፍርድ ሸንጎ ቃል ነው፣ አንዱ ባሪያ በዋጋ ነጻ የሚወጣበት፣ አንዱ የመቅደስ። በሦስተኛው ዘሌዋውያን 16ን ሙሉውን አንብቡ፤ በግሪኩ «ማስተስሪያ» የተባለው ቃል በዕብራውያን 9፥5 ለታቦቱ የስርየት መክደኛ የገባው ራሱ ቃል ነው። ደሙ መክደኛው ላይ ለምን እንደሚረጭ ያልገባው ሰው የሮሜ 3ን ቁጥር 25 ዘሎት ነው የሚያልፈው። አራተኛውን ሳምንት ለቁጥር 26 ብቻ ተዉት፦ እግዚአብሔር ኃጢአተኛውን እያጸደቀ ራሱ ጻድቅ የሚሆነው እንዴት ነው?

ጥናቱ የሚበላሸው ገና በአሥር ደቂቃው «ታዲያ እኛ ምን እናድርግ» ወደሚለው ሲሮጥ ነው። ያን ጊዜ የተደረገልን ይረሳና ሁሉ የእኛ ሥራ ይሆናል።

መልስ 2
እስማማለሁ፤ ግን ራእይንም ፈርታችሁ እንዳትዘጉት። 1፥3 የሚያነበውን ብፁዕ ይለዋል። ችግሩ ያለው አነባበቡ ላይ ነው። ሺህ ዓመት የሚለው በምዕራፍ 20 ስድስት ጊዜ ተጠቅሷል፤ ክርስቶስ «በግ» የተባለው በመጽሐፉ ሁሉ 28 ጊዜ ነው። ክርክሩ ሁሉ ግን በስድስቱ ላይ! ምዕራፍ 5ን ቀስ ብላችሁ አንብቡ፦ ዮሐንስ የሰማው ስለ አንበሳ ነው፣ ያየው ግን እንደ ታረደ በግ። የታተመውን መጽሐፍ ማኅተሞችም የሚፈታው እርሱ ነው።

ቀን ቆጠራውን ግን ተዉት። አሜሪካዊው ሰባኪ ዊልያም ሚለር የክርስቶስን ዳግም መምጣት ለማስላት የዳንኤል 8፥14ን 2300 ቀን እንደ ዓመት ወስዶ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ457 ጀምሮ ቆጠረ፤ የተከታዮቹ እንቅስቃሴ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1844ን ጠብቆ ቀኑ ዝም ብሎ አለፈ። ሒሳቡን ማረም መፍትሔ አይሆንም፤ ማቴዎስ 24፥36 ያችን ቀን ከአብ በቀር የሚያውቅ የለም ብሎ ጥያቄውን ራሱን ዘግቶታል።

ጠያቂው
ተባረኩ። ሐዘን ላይ ያሉ አባላት ስለ ጌታ መምጣት ሲጠይቁስ?

መልስ 3
1ኛ ተሰሎንቄ 4፥13-18ን ክፈቱላቸው፤ የዘመናት ሰንጠረዥ አትሳሉ። ቁጥር 14 ተስፋውን የሚያቆመው ኢየሱስ ሞቶ መነሣቱ ላይ ነው፤ ቁጥር 18ም በዚህ ቃል እርስ በርሳችሁ ተጽናኑ ይላል። ለ12ኛው ሳምንት ደግሞ ቲቶ 2፥11-14ን አስቀሩ። በቁጥር 11 ጸጋው ተገልጧል፣ በ13 የክብሩ መገለጥ ይጠበቃል፤ 14 ላይ ስትደርሱ ጳውሎስ ተመልሶ መስቀሉ ሥር ቆሟል።