ሕክምና በቀጥታ የሚያስገባ የግል ኮሌጅ ወይስ ፍሬሽማን ገብቶ መወዳደር?

የመራዊው ልጅ፦
ሰላም ጎበዝ። 12ኛ ክፍል ተፈትኜ ከ600 471 አመጣሁ። የተመደብኩት ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ናቹራል። ችግሩ እዚያ ስትገባ መጀመሪያ አንድ ዓመት ፍሬሽማን ነህ፣ ከዚያ በውጤትህ ዲፓርትመንት ትወዳደራለህ። ሕክምና ይድረሰኝ አይድረሰኝ አላውቅም። በሌላ በኩል አንድ የግል ኮሌጅ ሄጄ ስጠይቅ ሬጅስትራሯ «በዚህ ውጤት ዛሬ ተመዝገብ፣ ሕክምና ነህ፣ ማንም አይቀይርህም» አለችኝ። ሌላ ነገር አጥንቼ መኖር አይታየኝም። አባቴ «ባሕር ዛፉን ሸጬ አስተምርሃለሁ» ይላል። ትናንት ማታ ጓሮ እየዞረ ግንዱን አንድ በአንድ በእጁ እየነካ ሲቆጥር አየሁትና ሆዴ ተላወሰ። ከእኔ በታች ሁለት እህቶች አሉኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ኢንተርን ነኝ፦
ወንድሜ፣ ሬጅስትራሯ ዋሽታሃለች አልልም። ግን ያረጋገጠችልህ መግቢያውን ብቻ ነው። ፒሲ ዋን (የሕክምናው የመጀመሪያ ዓመት) ላይ አናቶሚ፣ የሰውነት ክፍሎች ትምህርት፣ ሲመጣ ግልም ሁን መንግሥት ከወደቅክ ትደግማለህ፣ ካልሆነልህ ትወጣለህ። መጨረሻ ላይ የሙያ ፈቃድ ፈተናው ለሁሉም አንድ ነው። እዚያ ኮሌጅ የምትሄድ ከሆነ ስለ ሕንፃው ውበት ሳይሆን የትኛው ሆስፒታል ላይ እንደምትለማመድ ጠይቅ፣ ሐኪም የሚሠራው በሽተኛ አልጋ አጠገብ ነውና። ዕውቅናውንም ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሄደህ አጣራ፤ ኮሌጁ ፈቃድ አለው ማለት ሕክምናው አለው፣ ያውም ያ ካምፓስ አለው ማለት አይደለም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የራሱ ሆስፒታል፣ ጥበበ ግዮን አለው፣ በሽተኛ አይጠፋም።
የመንግሥቱም ገነት እንዳይመስልህ። እኔ የተማርኩበት ቦታ አንድ ካዳቨር (የምንማርበት ሬሳ) ለሠላሳ ነበርን። ቁመቴ አጭር ስለሆነ ያን ሴሚስተር ያጠናሁት የሰው ትከሻ ነው 😂

ፋርማሲ 4ኛ ዓመት፦
እኔ ደግሞ ያመለጠኝ ነኝ። ፍሬሽማን «እወዳደራለሁ» ብዬ ገባሁ፣ ሕክምና በትንሽ ነጥብ አለፈኝ፣ ፋርማሲ ደረሰኝ። ክረምቱን ሙሉ ከቤት አልወጣሁም። አሁን ወድጄዋለሁ ብልህ ውሸት ነው፣ ግን አልጠላሁትም። የተበላሁት መጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ነው። ከገጠር መጥተህ ዶርም ስትገባ፣ ተነሥ አጥና የሚልህ አባት የለም፣ ስልክ በእጅህ ነው፣ «ገና ፍሬሽማን ነው ምን አለበት» ትላለህ፣ ሚድ ፈተና ሲመጣ ደንግጠህ ስትነቃ ነጥቡ ሄዷል። ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ደግሞ ጓደኞችህ ስለሞሉ ብለህ ምርጫ ቅጹ ላይ ኢንጂነሪንግ እንዳትሞላ፣ ከዚያ በኋላ ሕክምናን እርሳው። በ471 ከተቀመጥክ ዕድል አለህ። ገንዘብ ያለው ቤት ቢሆን ግን ግሉን ግባ ነበር የምልህ፣ ልቤን ስላወቅኩት።

የልጅ እናት ከማርቆስ፦
ልጄ፣ ታላቋን ልጄን ግል ሕክምና አስገብቻት ነበር። ስሙን አልጠራም። ስንገባ የነገሩን ዋጋና ሦስተኛ ዓመት ላይ የከፈልነው አይገናኝም፣ በየዓመቱ ጨመሩብን። መሀል ላይ አይተዉት ነገር ሆነና ከወንድሜ ተበድሬ፣ ጥሪት አሟጥጬ ነው የዘለቀችው። እግዜር ይመስገን ተመርቃለች። አባትህ ጥሩ ሰው ናቸው። ባሕር ዛፍ ቢቆረጥም ያቆጠቁጣል እውነት ነው፣ ግን ለሽያጭ እስኪደርስ አራት አምስት ዓመት ይፈልጋል፤ ክፍያው የሚመጣው በየሴሚስተሩ ነው። እህቶችህስ በምን ይማራሉ?

ኢንተርን ነኝ፦
እትዬ ልክ ነዎት። እኔ የምጨምረው፣ ተመርቀህ በደመወዝ ያን እንጨት እመልሳለሁ ብለህ ካሰብክ ተው። 2017 ላይ ሐኪሞች ሥራ እስከማቆም የደረሱት ደስ ብሏቸው አይደለም። መንግሥት ጋ ከገባህ ወጪ መጋራት ፈርመህ፣ ዶርምህ ካፌህ ይቀጥላል፣ ዕዳው የሚመጣው ሥራ ከያዝክ ወዲያ ነው።

የመራዊው ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እትዬ በተለይ እርስዎን። ለአባቴ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ለሠላሳ አንድ ሬሳ?» ብሎ ብቻ ጠየቀ። ከዚያ «የማርቆሷ ሴትዮ ያሉትን ድገምልኝ» አለ። ደገምኩለት። ኮሌጁ ጋ ነገ ደውዬ ክፍያው እስከ መጨረሻው ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ስጡኝ እላለሁ፣ ካልሰጡኝ አለቀ። እነሱም ቢሰጡኝ እንጃ፣ ልቤ ወደ ፍሬሽማኑ ሄዷል። ብርድ ልብስ ከዚሁ ይዤ ልምጣ ወይስ እዚያ ይሻላል?

ፋርማሲ 4ኛ ዓመት፦
ባሕር ዳር ሙቀት ነው፣ ስስ ይበቃሃል። ለሎከርህ ጓጉንቸር ቁልፍ ግን እንዳትረሳ።