ጋቢዮኑ ትናንት ማታ በጎኑ ተበላ፣ በጀቱ ደግሞ ሰኔ 30 ይዘጋል

ዲኤው፦ ወገን ድረሱልኝ፣ የግብርና ልማት ሠራተኛ (ዲኤ) ነኝ። ማታ ዘንቦ ቦረቦሩ ውስጥ ያለው ሁለተኛው ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን ክትር) በግራ በኩል ተበላ። ዛሬ ጠዋት ክንዴን በቀዳዳው ሰደድኩት፣ እስከ ትከሻዬ ገባ። ከጎኑ የአንዲት እናት ለጤፍ የታረሰ ማሳ አለ። ወረዳ ስደውል «ገንዘብ አለ፣ ግን ዛሬ ሰኔ 19 ነው» አሉኝ። ሽቦ ልጠይቅ?

የቆላው ልጅ፦ ውሃውም እንደ በጀቱ በጎን ማለፍ ለመደ ማለት ነው ሃሃ

ጋሽ እርከን፦ ልጄ፣ የተፋሰስ ሥራ የሚጀመረው ከላይ ነው። ሴፍቲኔት (ችግረኛ ቤተሰቦችን በልማት ሥራ የሚደግፈው ፕሮግራም) በ1997 ሲጀመርም እርከኑ ይቀድም ነበር። ተራራው ሳይታሰር ሸለቆ ውስጥ ድንጋይ መቆለል ጣሪያው እያፈሰሰ ወለል መወልወል ነው። ትግራይ ያሉትን የአብርሃ ወአጽብሃ ገበሬዎች እዩ፣ ተራራውን አልምተው ነው ዓለም የሸለማቸው።

ዲኤው፦ ጋሼ እውነት ነው፣ ግን ዝናቡ ዛሬ ማታ ነው።

ቀይ አፈር፦ ሽቦ ምን ያደርጋል? ጆንያ አሸዋ ሞልተህ ቀዳዳው ላይ ደርድር፣ ከላይ ጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቁፈር። ለዛሬ ይበቃል።

ሰንሰለት፦ ጆንያ አሸዋ ሙላና ደርድር ወንድሜ።

ቀይ አፈር፦ አልኩት እኮ!

ድንጋይ ፈላጭ፦ በጎኑ የተበላው ክንፉ (የጋቢዮኑ የጎን ጫፍ) የቦረቦሩ ዳርቻ ውስጥ ስላልተቀበረ ይመስለኛል። መሃሉስ ከጎኖቹ ዝቅ ይላል? ካላለ ውሃው በጫፉ ይሄዳል፣ አዲስ ሽቦ ብትጨምርም ያው ነው። ስትጠግን ክንፎቹን ጠንካራው አፈር ውስጥ ቅበር፣ ውሃው የሚወድቅበት ሥር ድንጋይ አንጥፍ። የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ግርጌ ጋር እኩል መሆኑንም እይ። ከዚያ ዳርቻውን ደሾ ሳር ትከል።

ዲኤው፦ መሃሉ ቀጥ ያለ ነው። አሁን ገባኝ።

ሂሳብ ሹም፦ ሁላችሁም ገንዘቡን ረሳችሁት። የሴፍቲኔት ነው ወይስ የወረዳው ካፒታል በጀት? የወረዳው ከሆነ ጥያቄህን ዛሬ በደብዳቤ አስገባ። ሽቦው ከሰኔ 30 በፊት ንብረት ክፍል ገብቶ ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ከተቆረጠለት ክፍያው በችሮታ ጊዜ (በጀት ከተዘጋ በኋላ ለክፍያ በሚሰጠው ጊዜ) ሊያልቅ ይችላል። ካልገባ ገንዘቡ ተመላሽ ነው። የሴፍቲኔት ከሆነ ደንቡ ሌላ ነው፣ አስተባባሪውን ጠይቅ። ጉልበቱንም አስብ፣ የሴፍቲኔት ሥራ ለአንድ ሰው በወር 5 ቀን ነው፣ የሰኔው ካለቀ የምትቆፍረው ብቻህን ነው።

የቆላው ልጅ፦ ከነዲግሪው አካፋ ይያዝ እንግዲህ

ዲኤው፦ የሴፍቲኔት ነው። ወረዳ እየሄድኩ ነው።

ሰንሰለት (ሐምሌ 2)፦ ዲኤው፣ ሽቦው ወጣ? እኛም ጋ አንዱ ትናንት በጎኑ ተበልቷል።