ኪቱ ጎዶሎ እየመጣ መስመሩ ቆመብኝ፤ ምን ይሻለኛል?

ፈረቃ_ሁለት፦ ሰላም ቤቶች፣ አስቸኳይ ነው። የኤሌክትሪክ ባጃጅ እንገጣጥማለን። ስቶር የእያንዳንዱን ባጃጅ ዕቃ (ኪቱን) በጋሪ ለይቶ ይልክልናል። ዛሬም ብሎን ጎደለ። ከቀጣዩ ጋሪ ወስደን ገጠምን። አሁን ያኛው ቆሟል። የስቶር ልጆች ቸልተኞች ናቸው፤ እንዴት ላስተካክላቸው? ማታ ሪፖርት አለብኝ።

ብሎንና_ዳዶ፦ የስቶሩን ኃላፊ ቡና ጋብዘው። ካልሠራ ከነቁርሱ።

አምስቱ_ማ፦ ነገሩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል። የቶዮታው ታይቺ ኦኖ ካንባንን፣ ማለትም ያለቀውን ብቻ የመተካት አሠራርን፣ ሲያስብ መነሻው የአሜሪካ ሱፐርማርኬት ነበር። ደንበኛ ያነሳው ብቻ በመደርደሪያው ላይ ይተካል። ስለዚህ መጀመሪያ ማጣራት፣ ቀጥሎ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ማጽዳት...

ብሎንና_ዳዶ፦ ጋሼ፣ ልጁ እኮ ማታ ሪፖርት አለበት።

ስቶር_ጠባቂዋ፦ "ቸልተኛ" ያልከው እኔን የመሰለ ሰው ነው፤ ይሁን። ግን ከቀጣዩ ጋሪ ስትወስዱ ጻፋችሁ? ካልጻፋችሁ አንዱን ጉድለት ሁለት አደረጋችሁት፤ እኔም የት እንደጎደለ አላውቅም። ደግሞ ሳጥኑ ከፋብሪካው ጎዶሎ መጥቶ ቢሆንስ? ኮንቴይነሩ ሲከፈት በፓኪንግ ሊስቱ (አብሮት በሚመጣው የዕቃ ዝርዝር) ማን ቆጠረ?
ለዛሬ ማታ ይህን አድርግ። ብሎን፣ ዳዶና ሮንዴላ ከጋሪው ይውጡ። በየጣቢያው ሁለት ሳጥን ይቀመጥ። አንዱ ሲያልቅ ባዶውን ስቶር ወስዶ ይሞላል፣ እናንተ በሁለተኛው ትቀጥላላችሁ። ለአንድ ባጃጅ 4 ብሎን፣ በቀን 20 ባጃጅ ከሆነ 80 ነው። ስቶር በቀን አንዴ የሚሞላ ከሆነ ሳጥኑ 100 ይያዝ። በጋሪው ላይ ትልልቁና በቀለም የሚለያየው ብቻ ይቅር። ለሱም ስፖንጅ በዕቃው ቅርጽ ቁረጡለት። ባዶ ጉድጓድ ከሩቅ ይታያል።

ሞተር_ቤት፦ ሁለት ሳጥን አድርግ ወንድሜ።

ብሎንና_ዳዶ፦ ተብሏል እኮ።

ጡረተኛ_ፎርማን፦ ልጄ፣ እኅትህ ያለችው ትክክል ነው፤ ግን ሁሉንም ብሎን አታውጣ። የመሪና የፍሬን ብሎን ተቆጥሮ ከጋሪው ጋር ይምጣ። ባጃጁ አልቆ አንድ ብሎን በትሪው ላይ ከተረፈ፣ ያልታሰረ ቦታ አለ ማለት ነው። ከሳጥን እየዘገኑ ቢያስሩ ይህን ማን ያውቃል? ሌላው፣ ባለ 25ና ባለ 30 ሚሊሜትር ብሎን በዓይን አይለይም። ሳጥኖቹን በቀለም ለይ፤ ጎን ለጎንም አታስቀምጣቸው። ለመሆኑ የጎደለው የቱ ነው?

ፈረቃ_ሁለት፦ የፎርኬታው፣ የፊት ጎማውን ከመሪው የሚያገናኘው፣ ጋሼ።

ጡረተኛ_ፎርማን፦ እንግዲያው እሱ ከጋሪው አይወጣም። በትንሽ ከረጢት ተቆጥሮ፣ ቆጣሪው ፈርሞበት ይምጣ። ከቀጣዩ ጋሪ መውሰድ ከዛሬ ጀምሮ ክልክል በል። ጎዶሎው ባጃጅ ከመስመር ወጥቶ በቀይ ወረቀት ይጠብቅ።

አምስቱ_ማ፦ እኔም ልል የነበረው ይኸንኑ ነው።

ፈረቃ_ሁለት፦ አለቃ ባጃጅ ከመስመር ማውጣት አይፈቅድም እኮ። ቆጠራውስ በእጅ ነው?

ስቶር_ጠባቂዋ፦ በሚዛን። 10 ብሎን መዝነህ የአንዱን ክብደት አውጣ፣ ከዚያ ሚዛኑ ይቆጥርልሃል። ግን የተለያየ ርዝመት ከተቀላቀለበት ይዋሻል። ለአለቃህ ደግሞ ዛሬ ስንት ደቂቃ እንደቆማችሁ በሪፖርቱ ላይ ጻፍለት።