ለመምህራን የቴክኖሎጂ ስልጠና ስጥ ተባልኩ፤ ከምን ልጀምር?

ፊዚክስ ዘቡታጅራ

ሰላም ለዚህ ቤት። የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ባለፈው ክረምት ስለ ዲጂታል ክህሎት ስልጠና ተልኬ ነበር። አዳራሹ ጥሩ፣ ሻዩ ጥሩ። አሰልጣኙ ግን ስላይድ ሲያነብ ዋለ። «ቴክኖሎጂ ምንድን ነው» ከሚለው ተነስቶ የ21ኛው ክፍለ ዘመን ክህሎት ላይ ሲደርስ የምሳ ሰዓት ሆነ። ከሰዓት ኔትወርክ ጠፋ። ልምምዱን «ቤታችሁ ስትገቡ ትሞክሩታላችሁ» ተባልን። ሰርተፍኬታችንን ይዘን ተመለስን፤ አለቀ።

አሁን ርዕሰ መምህራችን «ሰልጥነህ የለ እንዴ፣ ለሌሎቹም አካፍላቸው» ብሎኛል። ያለንን ልንገራችሁ። አንድ ፕሮጀክተር አለ፤ ገመዱን አንድ ሰው ይዞለት ካልቆመ ምስሉ ይጠፋል። አይሲቲ ክፍል ከሚሠራው ኮምፒውተር የማይሠራው ይበልጣል። ተማሪ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። በአንድ ክፍል ከ60 በላይ ልጆች አሉ። መብራቱ እንደ ቀኑ ነው። መምህሩ ግን ስማርት ስልክ የሌለው የለም ማለት ይቻላል። ቴሌግራም ላይ ሲሆን ደግሞ ማንም አሰልጣኝ አያስፈልገውም!

እረፍት ላይ ወሬውን ሳነሳ መጀመሪያ የመጣው ጥያቄ «አበል አለው?» የሚል ነበር። የለውም ስላቸው ወሬው ወደ ኳስ ዞረ። አልፈርድባቸውም። ደመወዙን እናውቀዋለን።

እና ምን ባሳያቸው ነው ሰኞ ክፍል ገብተው የሚጠቀሙበት? ስላይድ አንባቢ መሆን አልፈልግም። የሠራላችሁ ነገር ካለ ንገሩኝ።

ሮስተር ያቃጠላት

ወንድሜ፣ ማስተማሩን ለጊዜው ተወውና ከሮስተር ጀምር። እውነቴን ነው።

ስም ጠሪ የሆነ ሰው ሴሚስተር ሲያልቅ ምን እንደሚያይ ታውቃለህ። የየትምህርቱን ማርክ ለቅሞ፣ በካልኩሌተር ደምሮ፣ አማካዩን አውጥቶ፣ ከዚያ ደረጃ። አንዱ ልጅ ማርኩ ሲስተካከልለት የክፍሉ ደረጃ በሙሉ ይናጋና እንደገና ከሀ። እኛ ትምህርት ቤት ስልጠናው የተሞላው «ኤክሴል ላይ ሮስተር እንሠራለን» ሲባል ነው። አበል የጠየቀም አልነበረም።

አንድ ነገር ብቻ ቀስ ብለህ አሳያቸው። ደረጃ የሚያወጣው ራንክ የሚባለው ፎርሙላ ነው። አማካዩ ያለበትን ዓምድ ስትመርጥለት የዶላር ምልክቱን ካላስገባህ፣ ወደ ታች ስትጎትተው የሚያወዳድርበት ክልልም አብሮ ይወርዳል። የዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ያለው ልጅ የሚወዳደረው ከራሱ ጋር ብቻ ስለሚሆን አንደኛ ይወጣል! ክልሉን መርጠህ ኤፍ 4ን አንዴ መጫን ነው፤ ዶላሩ ራሱ ይገባል። መጀመሪያ ሳትነግራቸው ያለ ዶላር አሠራቸው። ከክፍሉ ሰነፉ ልጅ አንደኛ ሲወጣ ሁሉም ይስቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚረሳው የለም።

ወደ ማስተማሩ የምትሻገረው ቀጥሎ ነው። የአንድ ፈተና ውጤት በየጥያቄው ይመዝገብ፤ ላገኘ 1፣ ለሳተ 0። ከታች አማካይ ስታወጣ ጥያቄ 7ን ከክፍሉ ሩብ እንኳ እንዳልመለሰው ፊትህ ላይ ይመጣል። ያን ጊዜ ልጆቹ ሰንፈው ነው ወይስ እኔ ነኝ ያላስረዳሁት ብሎ መምህሩ ራሱ ይጠይቃል። በርግጥ 60 ወረቀት እንዲህ መመዝገብ ያደክማል። ለሁሉም ፈተና አይሆንም፤ ለአንዱ ይበቃል።

ጠመኔ ያስረጀው

ልጄ፣ እኔ ጡረታ ልወጣ ጥቂት የቀረኝ ሰው ነኝ። አዲስ ነገር አልጠላም። ግን በ1997 ዓ.ም. የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ሲገባ ክፍል ውስጥ ነበርኩ።

ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ፣ ያውም በፍጥነት። መምህሩ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያጠቃልላል። መሐሉ የቴሌቪዥኑ ነው። «ላንዳፍታ ቁም» ብትለው አይሰማህም። ልጁ ግራ ተጋብቶ ዞሮ አንተን ያይሃል፤ አንተ ደግሞ ቴሌቪዥኑን ታያለህ። መብራት የጠፋ ቀን ክፍለ ጊዜው በከንቱ ያልፋል። ጥሩ ነገር አልነበረውም አልልም። ላብራቶሪ አይተው የማያውቁ ልጆች ሙከራ ሲሠራ ያዩት በእሱ ነው። ነገር ግን መምህሩን የማብሪያ ማጥፊያ ጠባቂ አደረገው።

ስለዚህ ስታሠለጥን አንድ ነገር አደራ። መሣሪያውን መክፈት ብቻ አታስተምራቸው። መቼ አቁመው «እስቲ ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» ብለው እንደሚጠይቁም አሳያቸው። መብራት ቢጠፋ ትምህርቱ በጠመኔ እንዴት እንደሚቀጥልም አብሮ ይታቀድ።

የላብ ልጅ

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። አንተ ፊዚክስ ስለሆንክ ፊፎክስን ሞክር። በጀርመን የአኽን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የሠራው ነጻ አፕ ነው፤ የስልኩን ሴንሰሮች መለኪያ ያደርጋቸዋል። አንዴ ከጫንከው ኢንተርኔት አይፈልግም። የሚያስፈልገው ያንተ ስልክ ብቻ ስለሆነ ከትምህርት ቤቱ ክልከላም ጋር አትጋጭም።

እኔ የምሠራው ይሄን ነው። የእንጨት ማስመሪያ ከዴስኩ ጠርዝ ትንሽ ወጣ ይልና ብይ ይቀመጥበታል። አፑ ላይ በድምፅ የሚሠራውን ሰዓት ትከፍታለህ። ማስመሪያውን በእንጨት ከጎን ስትመታው፣ ቷ ሲል ሰዓቱ ይጀምራል። ብይዋ መሬት ስትነካ ይቆማል። ከፍታው 75 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 0.39 ሰከንድ አካባቢ ያነባል። የከፍታውን እጥፍ ለሰዓቱ ስኩዌር ስታካፍለው 9.8 አጠገብ ይወጣል። ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ የሚያሰላው ተማሪው ነው፤ ስልኩ የሰጠው ሰዓቱን ብቻ ነው።

ችግሩ ጫጫታ ነው። አፑ ላይ የድምፁን መነሻ መጠን ከፍ ካላደረግከው አንድ ልጅ ሲያስል ሰዓቱ ይነሳል። ደግሞ ለማወቅ ያህል፣ 60 ልጅ ትንፋሹን ውጦ ጸጥ ሲል ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ለኬሚስትሪና ለሒሳብ ሰዎች ከኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የፌት ሲሙሌሽኖችን፣ ማለት ስክሪን ላይ የሚሠሩ ሙከራዎችን፣ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርድላቸው። በፍላሽ ይዞራሉ፣ ብሮውዘር ላይ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታሉ። የሒሳብ ግራፍና ቅርጽ መሥሪያው ጂኦጀብራም ተጭኖ ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ኮሊብሪ የሚባልም አለ፤ አንዱን ላፕቶፕ ሰርቨር አድርጎ ትምህርቱን በዋይፋይ ያከፋፍላል፣ ኢንተርኔት ሳይኖር። ግን እሱ ሁልጊዜ የሚከታተለው ሰው ይፈልጋል።

ፊዚክስ ዘቡታጅራ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ኮሊብሪውን ለጊዜው ልተወው። ተከታታይ የሚሆነው እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ ብቀየር ላፕቶፑ ቁምሳጥን ገብቶ ይቀራል። ሮስተሩን መጀመሪያ፣ ብይዋን ቀጥሎ አደርጋለሁ። ጋሼ፣ ያሉትን ይዣለሁ፤ ፕሮጀክተሩን ጨርሶ አላወጣውም፣ እያንዳንዱ በራሱ ስልክና ባሉት ኮምፒውተሮች ይሥራ። ለታሪክና ለአማርኛ መምህራኑስ ምን ላድርግላቸው? እነሱም ይመጣሉ።

ሮስተር ያቃጠላት

ሮስተሩ ለሁሉም ነው፣ የአማርኛ መምህርም ስም ጠሪ ይሆናል። ከዚያ ውጭ የራሳቸውን ፈተና ያምጡና በግዕዝ ፊደል ስልካቸው ላይ ይጻፉት። ጥያቄውን የሚተይብላቸው ጸሐፊ ፍለጋ መሮጥ ይቀርላቸዋል። የታሪክ መምህሩ አንድ የቆየ ፎቶ ያምጣ፣ ከሱ አራት ጥያቄ ይጻፍ፤ ስልኩ ከዚያ በላይ ሥራ የለውም።

ስለ አበሉ ደግሞ፣ ርዕሰ መምህሩን በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ሰዓት እንዲይዝልህ ጠይቀው። መምህር በዓመት 60 ሰዓት መሙላት አለበት ይባላል፤ ብዙው ፖርትፎሊዮ፣ ማለት የሰዓቱ ማስረጃ ፋይል፣ የሚሞላው ደግሞ እንዴት እንደሆነ እናውቃለን። ይሄ እውነተኛ ሰዓት ነው። ፊርማና ማህተም ይኑረው። የሠራሁትን ባዶ ሮስተር ፎርሙላው ተሰክቶበት በቴሌግራም እልክልሃለሁ፤ የተማሪ ቁጥርና የትምህርት ዓይነቶቹን ብቻ ንገረኝ።