በእገሌ በኩል፦ የዘመድን የውጭ አድራሻ ለማይል ማስመዝገብ ልክ ነው ወይ?

የአራት ኪሎዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ከእኅቴ ጋር ያልተስማማንበትን ነገር ላቅርብና ተከራከሩበት። ማይል፣ ማለትም በቲኬት የሚመነዘር የመንገደኛ ነጥብ፣ የማጠራቅምበት አንድ የባሕር ማዶ አየር መንገድ አለ። ሰሞኑን ማይል ለሚገዙ አባላቱ የግዢያቸውን ግማሽ ያህል ቦነስ አውጥቷል፤ 20,000 የገዛ 30,000 ያገኛል። ከሥሩ ግን «አሜሪካ ለሚኖሩ አባላት ብቻ» ይላል። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው ወንድሜ «የኔን አድራሻ አስገቢበት፤ ደብዳቤ ቢመጣ ተቀብዬ በሰው እልክልሻለሁ» አለኝ። እኅቴ ደግሞ ውሸት ነው ብላ ድርቅ አለች።

ለምን እንደፈለግሁት ልንገራችሁ። እናታችን እዚያ ያለ የልጅ ልጇን በስልክ እንጂ በዓይኗ አላየችም። ቪዛው ተገኝቷል፤ የቀረው ቲኬት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ የኔ ደመወዝ ግን እዚያው ነው። ይህ ማይል ለኔ የቅንጦት ነገር አይደለም። ደግሞስ ደብዳቤ የሚደርሰኝ በዚያ ከሆነ፣ «የመልእክት አድራሻዬ ይህ ነው» ብል ውሸቱ ምኑ ላይ ነው? ከውጭ የምናዝዘውን ስልክና ጫማ ሁላችንም በዘመድ ቤት አይደለም እንዴ የምናስመጣው?

የፒያሳዋ፦
አስገቢ እንጂ! ጥፋቱ የፎርሙ ነው። ፖስተኛ የዓለምን በር ሁሉ የሚያንኳኳ ይመስል የመንገድ ስም፣ ስቴት፣ ዚፕ ኮድ እያለ ይጠይቃል። እኔ እዚህ ተወልጄ አድጌ ቤቴ ድረስ ደብዳቤ ይዞ የመጣ ሰው አላውቅም። ማይሉን የምትገዢው በገንዘብሽ ነው፤ ስጦታ አልለመንሽ። ማንም ሳይጠይቀን ከተዘጋብን በር በዘመድ በኩል ብንገባ ማንን በደልን?

እኅቷ፦
ክርክሩን እዚህ ካመጣሽው እኔም ልናገር። ቅናሹ የሚለው «አሜሪካ ለሚኖሩ» ነው፤ ደብዳቤ የት ይድረስሽ አላለም። እዚህ አገር ከወረዳ ወደ ወረዳ ስንዛወር እንኳ መሸኛ አምጡ ነው የምንባለው። አክስቴ ቤት ዕቃ ስላስቀመጥኩ የአክስቴ ወረዳ ነዋሪ አልሆንም። እማዬ ከሸማቾች ማኅበር ዘይትና ስኳር ለመውሰድ ስትሰለፍ፣ ከሌላ ሰፈር መጥቶ በዘመዱ ኩፖን የሚወስድ ሰው ስታይ ምን ያህል ይከፋት እንደነበር አንቺም ታስታውሺያለሽ። እሷን ለማስደሰት ብለሽ እሷ የምታዝንበትን ነገር አታድርጊ።

የአራት ኪሎዋ፦
ስኳሩ ያልቅ ነበር። ማይል አያልቅም።

የጉዞ ወኪሉ፦
በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ቲኬት ቢሮ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ የማውቀውን ልጨምር። ማይሉ ቁጥር ነው፣ አያልቅም። በማይል የሚሰጠው ወንበር ግን ያልቃል። በአንድ በረራ ላይ ለዚህ የሚለቀቀው ወንበር ጥቂት ነው፤ ለገና እና ለክረምት ሰሞን ደግሞ ከነጭራሹ የማይገኝበት ቀን አለ።

ሌላው፣ ሁለት ነገር እየተደባለቀ ነው። አባል ለመሆን የውጭ አድራሻ አያስፈልግም። ከአገሮቹ ዝርዝር ኢትዮጵያን መርጦ፣ ፖስታ ሣጥን ቁጥሩን ጽፎ የብዙዎቹ ፕሮግራም አባል መሆን ይቻላል። አየር መንገዳችን እ.ኤ.አ. በ2011 ስታር አሊያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት ከገባ ወዲህ፣ ከቦሌ ዋሽንግተን የበረረ ሰው ማይሉን ከፈለገ በራሱ በአየር መንገዳችን ፕሮግራም በሼባማይልስ፣ ከፈለገ በአሜሪካው ዩናይትድ ወይም በሌላ የኅብረቱ አባል ያስመዘግባል። ለአንድ በረራ ግን በአንዱ ብቻ ነው። አገር የሚለየው በተጨማሪዎቹ ላይ ነው፦ በባንክ ካርድ፣ በማይል ግዢ ቦነስ፣ ከሱቆች ጋር በሚደረግ ስምምነት።

ለምን ይለያል? አሜሪካን ኤርላይንስ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1981 ይህን ዓይነት ፕሮግራም ሲጀምር ማይል ለሚመላለስ መንገደኛ የሚሰጥ ምርቃት ነበር። አሁን ዋናው ገንዘብ የሚመጣው ከባንክ ነው። ባንኩ ማይሉን ከአየር መንገዱ በጅምላ ገዝቶ ለካርድ ደንበኞቹ ያድላል። ዴልታ አየር መንገድ ብቻ እ.ኤ.አ. በ2023 ካርድ ከሚያወጣው ከአሜሪካን ኤክስፕረስ ወደ 7 ቢሊዮን ዶላር ተቀብሏል። ባንኩ ያን ሁሉ የሚከፍለው በካርድ በተከፈለ ቁጥር ከነጋዴው ከሚቆረጠው ኮሚሽን ነው። በአውሮፓ ኅብረት ይህ ኮሚሽን ለግለሰብ ክሬዲት ካርድ ከ0.3 በመቶ እንዳይበልጥ በሕግ ስለተገደበ፣ የአውሮፓው ካርድ እንደ አሜሪካው አይመርቅም። ለኛ አገር ቦነስ የማይመጣው ስለናቁን ብቻ አይደለም፤ እዚህ ያን ወጪ የሚሸፍን የካርድ ገበያ ስለሌለ ነው። ሁልጊዜ ልክ ናቸው አልልም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። በርካታ ሲስተሞች የካርዱን አድራሻ ከተመዘገበው አድራሻ ጋር ያስተያያሉ። አካውንቱ ሜሪላንድ፣ ካርዱ አዲስ አበባ፣ ስልኩ በ251 የሚጀምር ከሆነ ጥያቄ ይነሣል።

አስመጪው፦
እኔ ለንግድ ጓንጁና ዱባይ የምመላለስ ሰው ነኝ። አንድ ነገር በግልጽ እንነጋገር፤ ዋጋ በአገር መለየትን እኛም እናውቅበታለን። ላሊበላ ለመግባት የውጭ ጎብኚ በዶላር ይከፍላል፣ እኛ አንከፍልም። ሙዚየሞቻችን ለፈረንጅና ለአበሻ ሁለት ዋጋ ይለጥፋሉ። ከዲያስፖራ የመጣ ወንድማችን የቆየች የቀበሌ መታወቂያውን አውጥቶ በነዋሪ ዋጋ ሲስተናገድ ሌባ ብለን እናውቃለን? አናውቅም። እንዲያውም ጎበዝ እንለዋለን። ታዲያ እኛ በተራችን ስናደርገው ለምን ኃጢአት ይሆናል?

እኅቷ፦
ጎበዝ ስላልነው ልክ ሆነ ማለት ነው? ለዲያስፖራው እኮ ቢጫ ካርድ አለለት። በአዋጅ 270/1994 ትውልደ ኢትዮጵያዊ መሆኑን አስመዝግቦ፣ ካርዱን አሳይቶ በነዋሪ ዋጋ መስተናገድ ይችላል። ማንነቱን ሳይደብቅ የሚገባበት በር ማለት ያ ነው። ያረጀችው መታወቂያ ግን ዛሬም እዚህ እኖራለሁ እያለች ነው።

ጠበቃው፦
ሕጉን በሚመለከት። ማይል ያንቺ ንብረት አይደለም። የአብዛኞቹ ፕሮግራሞች ውል ማይሉ የአየር መንገዱ እንደሆነና የተሳሳተ መረጃ የሰጠን አባል ሊያሰናብቱ እንደሚችሉ ይናገራል። ኖርዝዌስት የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2008 ጊንስበርግ የተባሉ ረቢን (የአይሁድ ሃይማኖት መምህር) ቅሬታ አበዙ ብሎ ፕላቲነም ከሚባለው የማይል አባልነት አስወጣቸው። ሰውዬው ቅን ልቦና ጎድሏል ብለው ከሰሱ። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና እ.ኤ.አ. በ2014 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ለአየር መንገዱ ፈረዱ፤ እ.ኤ.አ. የ1978ቱ የአሜሪካ የአቪዬሽን ሕግ እንዲህ ያለውን ክስ ይከለክላል አሉ። እኒያ ሰው ሐሰት ጽፈዋል የተባሉ እንኳ አልነበሩም።

በማይል አካውንት ላይ የውሸት መኖሪያ መጻፍ እስር ቤት ያስገባል እያልኩ አይደለም፤ ውል መጣስ ነው። አድራሻውን ይዞ የአሜሪካ ክሬዲት ካርድ ማመልከት ግን ሌላ ነገር ነው። ለባንክ በሚቀርብ የብድር ማመልከቻ ላይ እያወቁ ሐሰት መጻፍ በዚያ አገር የፌዴራል ወንጀል ነው። ከትንሿ ወደ ትልቋ የሚወስደው መንገድ አጭር ስለሆነ ነው ይህን የማነሣው።

የለገሃሩ፦
በኔ የደረሰውን ልንገራችሁ። የታላቅ ወንድሜን የለንደን አድራሻ ይዤ አራት ዓመት ማይል አጠራቀምኩ። ማንም ምንም አላለኝም። ለሠርጌ ጉዞ ላወጣው ስል መኖሪያዎን የሚያሳይ የመብራት ወይም የውኃ ደረሰኝ ይላኩ የሚል መልእክት መጣ። ደረሰኙ ያለው በወንድሜ ስም ነው። የኔን ስም አስገብቶ ሊያስተካክልልኝ ቢችልም እሺ አላልኩም፤ ያኔ ነበር የገባኝ፤ ሌላ ወረቀት መፈብረክ ልጀምር ነው። አካውንቱን ዘጉት። ማይሉ ሄደ። የበለጠ የቆጨኝ ግን እዚህ በስሜ፣ በፖስታ ሣጥኔ ባጠራቅም ኖሮ ምንም እንደማይነካኝ ማወቄ ነው።

ከካዛንቺስ የተነሣሁት፦
ሁላችሁም የመኖሪያ አድራሻ የሚባል ጠንካራ ነገር እንዳለ አድርጋችሁ ትናገራላችሁ። እኔ ተወልጄ ያደግሁበት ቤት በኮሪደር ልማቱ ፈርሷል። መታወቂያዬ ላይ ያለው የቤት ቁጥር የፈረሰው ቤት ነው፤ የምተኛው ሌላ ክፍለ ከተማ ነው፤ ደብዳቤዬ የሚመጣው ዋናው ፖስታ ቤት ባለው በአባቴ ሣጥን ነው። በየትኛው ፎርም ላይ የቱን ብጽፍ ነው የማልዋሸው? ለአየር መንገዱ ጠበቃ ከመሆናችን በፊት ይህን መልሱልኝ።

የፒያሳዋ፦
ይኸው! እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

ጡረተኛው፦
ልጆቼ፣ እኔ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ቸርችል ጎዳና ባለው ፖስታ ቤት ነው። ስለ አድራሻ ስትከራከሩ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

የኛ ፖስታ እ.ኤ.አ. በ1894 በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ተቋቁሞ በ1908 የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነ። ከዚያ ጀምሮ ሰው የሚኖርበትና ደብዳቤ የሚደርስበት ቦታ እዚህ አገር ሁለት ነው። ስለዚህ አንተ የካዛንቺሱ ልጅ፣ በአባትህ ሣጥን መጠቀምህ ቅንጣት ውሸት የለበትም። የፈረሰብህን ቤት ቁጥር አስለውጥ፤ ሣጥኑን ያዝ።

ሣጥን የሌለው ሰው ደግሞ ምን ያደርግ ነበር? ባለሣጥን ይፈልጋል። መምህሩ፣ ነጋዴው፣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊው ለመንደሩ ሰው ሁሉ ደብዳቤ ይቀበሉ ነበር። ፖስታው ላይ ምን ተብሎ ይጻፍ እንደነበር ግን አስታውሱ፦ «ለወይዘሮ እገሊት፣ በአቶ እገሌ በኩል»። «በኩል» የምትለዋን ቃል በሺህ የሚቆጠሩ ፖስታዎች ላይ አይቻታለሁ። ሣጥኑ የአቶ እገሌ መሆኑን ላኪውም፣ ተቀባይዋም፣ እኛም እናውቃለን። ማንም በማንም ስም አልኖረም። ልጄ የአራት ኪሎዋ፣ የወንድምሽን አድራሻ ስትጽፊ «በወንድሜ በኩል» ብለሽ መጻፍ ከቻልሽ ጻፊ፤ እኔ እፈርምልሻለሁ። «በኩል»ን አጥፍተሽ «እዚህ እኖራለሁ» የሚለውን የምትመርጪ ከሆነ ግን እኅትሽ ልክ ናት።

የአራት ኪሎዋ፦
ጋሼ፣ ገብቶኛል፤ አመሰግናለሁ። ቅድም ፎርሙን መልሼ ከፍቼ አየሁት። የመልእክት አድራሻ ለብቻው አለ፤ ሁለተኛው መስመር ላይ «በኩል» ብሎ ለመጻፍም ቦታ አለው። ቅናሹ የተያያዘው ግን ከሱ ጋር አይደለም፤ «የሚኖሩበት አገር» ከሚለው ጋር ነው። ትናንት ይህን አላየሁትም ነበር። ሁለቱን አንድ አድርጌ ነው ስከራከር ያደርኩት። እሱን ኢትዮጵያ ብዬ ትቼዋለሁ።

የጉዞ ወኪሉ፦
እንግዲያው ጋሼ ያሉትን ይዘን ወደ ቲኬቱ እንምጣ። ወንድምሽ አባል ነው?

የአራት ኪሎዋ፦
አባልስ ነው፤ ማይል ግን ሰብስቦ አያውቅም። የኔው ለደርሶ መልስ አይበቃም እንጂ ለአንድ መንገድ ይደርሳል።

የጉዞ ወኪሉ፦
በቃ፣ እሱ በርግጥ አሜሪካ ነው የሚኖረው፤ ቅናሹ የሱ ነው። በራሱ አካውንት፣ በራሱ ካርድ ይግዛ። ብዙ ፕሮግራሞች አባሉ ለሌላ ሰው ቲኬት እንዲቆርጥ ይፈቅዳሉ፤ አንዳንዶቹ አስቀድሞ የተመዘገበ ቤተሰብ ካልሆነ አይሉም፤ ስለዚህ ደንቡን ያንብብ። መሄጃውን ካንቺ ማይል፣ መመለሻውን ከሱ ማይል ቁረጡ። የእናትሽን ስም በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ እስከ አያት ድረስ ፊደል ሳትለውጡ አስገቡ። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሰው የሚያስለቅሰው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ታክሱንም አትርሱ፤ በማይል የተቆረጠ ቲኬትም ይከፈልበታል።

ጠበቃው፦
ከወንድምሽ ጋር ሒሳብ ስትተሳሰቡ ግን ተጠንቀቁ። ማይልም ሆነ በማይል የተገኘ ቲኬት መሸጥን ውሎቹ ይከለክላሉ። ለእናቱ ከሰጠ ስጦታ ነው።

አስመጪው፦
ይህኛው መንገድ ንጹሕ ነው፤ አልከራከርም። ሁለት ዋጋ ስለመለጠፍ ያልኩትን ግን ማንም አልመለሰልኝም። ወደፊት እዚሁ አነሣዋለሁ።

የፒያሳዋ፦
እኔ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ወንድም ለሌለው ሰው ነው የምጠይቀው። የኔ እናት ልጅ እኔ ብቻ ነኝ። ከተማችን የአፍሪካ ትልቁ አየር መንገድ መነሻ ሆና ሳለ ስንቱ ቅናሽ ከኢትዮጵያ በቀር ተብሎ ይታወጃል? አድራሻ አልዋሽም፤ እሺ። ግን ዝም ብዬም አልቀመጥም። ለየአየር መንገዱ የደንበኞች ክፍል «ለምን ለኛ አይሆንም» ብዬ በስሜና በፖስታ ሣጥን ቁጥሬ እጽፋለሁ። አብሮኝ የሚጽፍ ይኑር።

ከካዛንቺስ የተነሣሁት፦
እኔ አለሁ። በአባቴ ሣጥን በኩል ብለሽ መዝግቢኝ።

እኅቷ፦
እኔንም።

የአራት ኪሎዋ፦
እኔም ስሜን አስገቡ። ወንድሜን አሁን አነጋገርኩት፤ ዛሬ ማታ ደንቡን አንብቦ ይገዛል። እማዬ ደግሞ ጥምቀትን ሳላከብር የትም አልሄድም ብላለች፤ ስለዚህ ከቃና ዘገሊላ በኋላ ያለ ወንበር ነው የምንፈልገው። ወኪሉ ወንድሜ፣ ነገ ከሥራ ስወጣ ቢሮህ እመጣለሁ፤ ፓስፖርቷን ይዤ።