እምቢ ማለት ይችል ነበርን? «ለ ዡዌ» በተባለው ፊልም ላይ የተደረገ ክርክር

ብዕረኛው፦ ፍራንሲስ ቬበር እ.ኤ.አ. በ1976 የሠራውን «ለ ዡዌ» («መጫወቻው») የተሰኘ የፈረንሳይ ፊልም፣ ታዛቢ «ከጋዜጣ ጋር ጉዳይ የሌለው የሕፃናት ቀልድ» ብለው ማጣጣላቸው አብግኖኛል። ፒየር ሪሻር የሚጫወተው ጋዜጠኛ ከሥራ አጥነት ወጥቶ በአንድ ሳምንታዊ መጽሔት ከተቀጠረ በኋላ፣ ስለ አሻንጉሊት ሊዘግብ በሄደበት የአሠሪው መደብር ውስጥ የአሠሪው ልጅ «እርሱን ነው የምፈልገው» ስላለ ብቻ እንደ ዕቃ በሣጥን ታሽጎ ይላክለታል። ሚሼል ቡኬ የሚጫወተው የመጽሔቱ ባለቤትስ ዋና አዘጋጁን በሠራተኞቹ መካከል ራቁቱን እንዲዞር አዝዞ፣ ሰውየው ማውለቅ ሲጀምር «ከሁለታችን ጭራቁ ማን ነው? ያዘዝኩት እኔ ወይስ የታዘዝከው አንተ?» የሚለው ለየትኛው ሕፃን ነው?

ታዛቢ፦ ቀልድ ነው ብያለሁ፤ ቃሌን አላጥፍም። ለጥያቄው ግን መልስ አለኝ፤ ዋና አዘጋጁ እምቢ ማለት ይችል ነበር። ፈረንሳይ ጋዜጣው ባለቤት ሲለውጥ፣ ወይም አቋሙ የጋዜጠኛውን ክብር በሚነካ መንገድ ሲቀየር፣ ጋዜጠኛው ካሳውን ተቀብሎ እንዲለቅ ከ1935 ጀምሮ በሕግ የፈቀደች አገር ናት።

እመት ጥያቄ፦ «እምቢ ማለት ይችል ነበር» ማለት ደመወዙ ላልተነካበት ሰው ምንኛ ቀላል ነው! በዚያው ፊልም አንድ ሠራተኛ እጁ ስለሚያልበው ብቻ ይባረር የለም ወይ? ደግሞም የጠቀሱት ሕግ ካሳ ይዞ የመውጣት መብት ሰጠ እንጂ፣ እምቢ ብሎ በወንበር ላይ የመቆየት መብት አልሰጠም።

ታዛቢ፦ እመቤቴ፣ መውጣትም እምቢታ ነው። በ2023 «ዡርናል ዱ ዲማንሽ» የተባለው የፈረንሳይ የእሑድ ጋዜጣ ጋዜጠኞች የተሾመባቸውን ዋና አዘጋጅ ተቃውመው አርባ ቀን ያህል ሥራ አቁመዋል፤ ሱሪያቸውን አላወለቁም።

ብዕረኛው፦ ምሳሌው ለእኔ መሰከረ፤ ወንድሜ፣ አመሰግንዎታለሁ። የተቃወሙት ሰው ወንበሩን ያዘ፣ ከጋዜጠኞቹ ብዙዎቹ ለቀው ወጡ፣ ጋዜጣው ግን በባለጸጋው በቬንሳን ቦሎሬ እጅ ገባ። ቬበር ፊልሙን ያወጣው የጋዜጦች ከበርቴው ሮቤር ኤርሳን «ለ ፊጋሮ» የተባለውን ዕለታዊ ጋዜጣ በገዛ በዓመቱ ነበርና፣ ተመልካቹ በማን ላይ እንደሚስቅ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

ዘሜሪላንድ፦ እኔ በ1982 አሜሪካ ውስጥ በጥቁሩ ኮሜዲያን በሪቻርድ ፕራየር ተዋናይነት እንደገና የተሠራውን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ያስቃል።

እመት ጥያቄ፦ በአሜሪካዋ የሉዊዚያና ግዛት ጥቁር ሰው ለነጭ ባለጸጋ ልጅ መጫወቻነት ሲገዛ እንዴት አድርጎ ያስቃል? ያም ይቅርና፣ የዘር ጉዳይ ሲገባበት የጋዜጣው ጉዳይ ማጣፈጫ ሆኖ ቀረ።

ዘሜሪላንድ፦ ፕራየር ራሱ ሊያስቀን የፈለገበትን እርስዎ ሊከለክሉን ነው? ፈረንሳይኛ ሲሆን ጥበብ፣ እንግሊዝኛ ሲሆን ማጣፈጫ!

ብዕረኛው፦ እባካችሁ፣ ከጋዜጣው አንውጣ። ታዛቢ የሚሸሹት አንድ ነገር አለ፤ ሕፃኑና ጋዜጠኛው የአባቱን ገመና የሚያወጣ የራሳቸውን ጋዜጣ አያዘጋጁም ወይ? እምቢታ ያ ነው፤ ጥሎ መሄድ ሳይሆን ጽፎ ማጋለጥ።

ታዛቢ፦ ሕፃኑ አባቱ አያባርረውም፤ ዋና አዘጋጁን ግን ያባርረዋል። በወራሽ ድፍረት ተቀጣሪውን የሚመዝኑ ከሆነ፣ የሚከራከሩት ከእኔ ጋር ሳይሆን ከእመት ጥያቄ ጋር ነው።

እመት ጥያቄ፦ እንግዲያው እርስዎም «እምቢ ማለት ይችል ነበር» ያሉትን ተዉታ!

ታዛቢ፦ አልተውኩም።